ማቅ ለባሹና የማንሬሳ ዋሻ

የካርዴኔር ወንዝ ከፒሬኔ ተራሮች በኩል ወርዶ ማንሬሳ ከተማ ሲደርስ ከገደል ሥር ይጠመዘዛል። ገደሉን ውሃና ነፋስ ለዘመናት ሲቦረቡሩት ኖረው ዋሻ በዋሻ አድርገውታል። ከዋሻዎቹ በአንደኛው ላይ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ከአጠገቡም ሰፊ የሱባኤ ቤት ተሠርቷል፤ ከዓለም ዙሪያ ተሳላሚ ይመጣበታል። ዋሻውን ያስከበረው ሰው የሎዮላው ኢግናጥዮስ፣ የኢየሱሳውያን (የጀስዊት) ማኅበር መሥራች ነው። የሚገርመው፣ ይህ ሰው በዕድሜው መጨረሻ የሕይወቱን ታሪክ ሲያስጽፍ ስለ ማንሬሳ ብዙ ተናግሮ ስለ ዋሻው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ታዲያ ዋሻው እንዴት ከበረ? ታሪኩን ከሥሩ እንያዘው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውሃ የጠማት ከተማ

ማንሬሳ በስፔን ምድር፣ በካታሎኒያ ግዛት፣ ከባርሴሎና ወደ ሰሜን ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን ወንዝ በእግሯ ሥር እያለፈ ውሃ ይጠማት ነበር። ካርዴኔር በገደሉ ሥር ዝቅ ብሎ ይፈሳል እንጂ ወደ ማሳው አይወጣም። ስለዚህ የከተማዋ ሰዎች ከሌላው ወንዝ፣ ከሎብሬጋት፣ ውሃ በቦይ ለመጥለፍ ተነሡ። ንጉሡ በ1339 ፈቀደላቸው። ቦዩ 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነበረና በቪክ ጳጳስ መሬት ማለፍ ነበረበት። ጳጳሱ አይሆንም አሉ፤ አልሰማ ቢሏቸው ከተማይቱን ገዘቷት።

ሕዝቡ እንደሚተርከው፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1345 ከሞንሰራት ተራራ በኩል ብርሃን መጥቶ በከተማዋ የቀርሜሎሳውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታየ። ጳጳሱ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ራራ ይባላል። ግዝቱ ተነሣ፤ ቦዩም ተቆፍሮ አለቀ፤ ውሃው እስከ ዛሬ ይፈስበታል፤ የብርሃኑም በዓል በየዓመቱ ይከበራል። እንግዲህ ማንሬሳ ቀድሞውንም ከሞንሰራት በኩል የሚመጣ ነገር መጠበቅ የለመደች ከተማ ነበረች። ከ177 ዓመት በኋላ ከዚያው አቅጣጫ የመጣው ግን አንድ አንካሳ ሰው ነበር።

የፓምፕሎናው ቁስለኛ

ኢኒጎ ሎፔዝ በ1491 በባስኮች አገር፣ በአስፔይቲያ ከተማ አጠገብ ባለው የሎዮላ ግንብ ተወለደ። በትውፊት እንደሚነገረው የ13 ልጆች የመጨረሻ ነው። በመኳንንት ቤት አድጎ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ ጠጉሩን አበጥሮ፣ ዝናና የወይዛዝርት ዓይን እያማረው ጎረመሰ። ኢግናጥዮስ የሚለውን ስም የያዘው ኋላ ነው።

በ1521 የፈረንሳይ ጦር ናቫራን ወርሮ የፓምፕሎናን ምሽግ ከበበ። ጠላት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ስለነበር የምሽጉ ሰዎች እጅ መስጠት ፈለጉ። ኢኒጎ ግን እንዋጋ ብሎ አለቃውን አሳመነ። ሜይ 20 ቀን የመድፍ አረር በእግሮቹ መካከል አልፎ ቀኝ እግሩን ሰባበረው፤ ግራውንም አቆሰለው። እሱ ሲወድቅ ምሽጉም ወደቀ። ፈረንሳዮቹ ጀግንነቱን አክብረው ቁስሉን አከሙለትና በቃሬዛ ወደ ሎዮላ ላኩት።

እቤቱ ሲደርስ አጥንቱ ተዛንፎ መጋጠሙ ታወቀ። ወጌሻዎቹ እንደገና ሰብረው አስተካከሉት፤ ከሞት አፋፍም ደርሶ ተመለሰ። ሲሽር ደግሞ ከጉልበቱ በታች አጥንት አፈንግጦ ቀረ፤ አንደኛው እግሩም አጠረ። የመኳንንት ጠባብ ቦት ጫማ ሊያደርግ የሚመኝ ጎልማሳ ይህን እንዴት ይችላል? ያፈነገጠውን አጥንት በመጋዝ ቁረጡልኝ አለ። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ጡጫውን ጨብጦ ቻለው። እስከ ዕለተ ሞቱ ግን እያነከሰ ኖረ።

ለወራት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ሲሰለቸው የፈረሰኞች ጀብዱ የሚተርክ መጽሐፍ ስጡኝ አለ። በግንቡ ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ነበር። ሥራ ፈት ነውና እነዚያኑ አነበበ። ስለ ወይዛዝርትና ስለ ጦር ዝና ሲያልም ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ ሕልሙ ሲያልፍ ግን ልቡ ደርቆ ይቀራል። እንደ ቅዱሳኑ ባዶ እግሩን ኢየሩሳሌም ሲሄድ ሲያልም ግን ደስታው ሐሳቡ ካለፈም በኋላ አብሮት ይቆያል። ይህን ልዩነት ልብ አለ። ኋላ ላስተማረው ሁሉ መሠረቱ ይህች የአልጋ ላይ ትዝብት ናት።

በቅሎዋ የፈረደችው ነገር

በ1522 መጀመሪያ፣ እያነከሰ፣ በበቅሎ ተቀምጦ ከቤቱ ወጣ። መንገዱ ወደ ሞንሰራት፣ ከዚያ ባርሴሎና፣ ከዚያ በመርከብ ኢየሩሳሌም ነበር። በመንገድ ላይ ከአንድ ሙስሊም ጋር ተገናኝቶ ስለ እመቤታችን ድንግልና ሲከራከሩ ሄዱ። ሰውየው ቀድሞ ካለፈ በኋላ ኢኒጎ ተቆጨ፤ ክብሯን አላስጠበቅኩም ብሎ ተከትሎ በጩቤ ሊወጋው አሰበ። መወሰን አቃተው። ስለዚህ ፍርዱን ለበቅሎዋ ተወላት። መንታ መንገድ ላይ ልጓሙን ለቀቀው፤ ሰውየው ወደ ሄደበት መንደር ከዞረች ሊወጋው፣ በዋናው መንገድ ካለፈች ሊተወው። ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ሰፊና የተመቸ ነበር፤ በቅሎዋ ግን ሌላውን ያዘች። በቅሎ ከጌታዋ የበለጠ አስተዋይ የሆነችበት ቀን ነበር ማለት ይቻላል። ኢግናጥዮስ ራሱ ይህን ያስጻፈው ያን ጊዜ ነፍሱ ምን ያህል ዕውር እንደነበረች ለማሳየት ነው።

ሞንሰራት ጥርስ ጥርስ የመሰሉ ዓለቶች የቆሙበት ተራራ ነው። የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ገዳም አለበት፤ በገዳሙም ካታሎኖች የሚሳለሟት ጥቁሯ ማርያም አለች። ኢኒጎ እዚያ ኃጢአቱን ጽፎ በሦስት ቀን ተናዘዘ። ማርች 24 ማታ፣ በብሥራት ዋዜማ፣ የመኳንንት ልብሱን አውልቆ ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጠና ማቅ ለበሰ። ሰይፉንና ጩቤውን በእመቤታችን ፊት ሰቅሎ፣ በትሩን ይዞ፣ አንዴ ቆሞ አንዴ ተንበርክኮ ሌሊቱን አነጋ። አዲስ ፈረሰኛ ሹመት ሲቀበል እንዲህ ያድር ነበርና የድሮ ሕይወቱን የቀበረው በድሮ ሕይወቱ ሥርዓት ነው።

ገና ሳይነጋጋ ሰው እንዳያውቀው ጉዞ ጀመረ። ብዙ ሳይርቅ አንድ ሰው እየሮጠ ደረሰበትና ያንን ልብስ ለየኔ ቢጤው የሰጠኸው አንተ ነህን ብሎ ጠየቀው። ለካ ምስኪኑን ሌባ ብለው ይዘውታል! ኢኒጎ አለቀሰ። መልካም አደርግሁ ያለው ነገር በድሃው ላይ መከራ አመጣ። የጽድቅ ሥራም ሳያስተውሉ ከሠሩት ሰው እንደሚጎዳ የተማረው በዚያች ጠዋት ነው።

ለጥቂት ቀን ብሎ

ወደ ባርሴሎና በሚወስደው ዋና መንገድ ብሄድ የሚያውቀኝ ሰው አገኛለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ ወደ ማንሬሳ ዞረ፤ ሐሳቡ ጥቂት ቀን ቆይቶ በደብተሩ አንዳንድ ነገር ሊጽፍ ነበር። የቆየው ግን አሥራ አንድ ወር ያህል ነው።

በመጀመሪያ ድሆች በሚያድሩበት በሳንታ ሉሲያ ሆስፒታል ተጠጋ። ኋላም ዶሚኒካውያን በገዳማቸው ክፍል ሰጡት። በየቀኑ ይለምናል፤ ሥጋ አይቀምስም፣ ከእሑድ በቀር ወይን አይጠጣም። ድሮ ጠጉሩን ሲያበጥር የኖረ ነውና እልህ ይዞት ጠጉሩንም ጥፍሩንም ሳይነካ ተወው። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተንበርክኮ ይጸልያል። የከተማው ልጆች ማቅ ለባሹ ሰውዬ ይሉት ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በሰላም አለፉ። ከዚያ ጭንቀት መጣ። ያልተናዘዝኩት ኃጢአት አለ እያለ ደጋግሞ ይናዘዛል፤ ተናዝዞ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ትዝ ይለዋል። መልሶ ይሄዳል። እረፍት አጣ። በክፍሉ ውስጥ ከሚጸልይበት አጠገብ ትልቅ ቀዳዳ ነበረና ራስህን ወርውር የሚል ፈተና ይመጣበት ነበር። እግዚአብሔር እስኪሰማኝ እህል አልቀምስም ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ጾመ። እሑድ ለንስሐ አባቱ ሲነግር ጹም ማን አለህ፣ ብላ ተባለ። ታዘዘ፤ በላ። የጭንቀቱን ምንጭና የሚያደርስበትን ቦታ መርምሮ ካየ በኋላ፣ ያለፈውን ኃጢአት ዳግመኛ ላልናዘዝ ብሎ ወሰነ። ሸክሙ ወረደለት። ጠጉሩንና ጥፍሩንም ቆረጠ።

ስለዚህ ጊዜ ኋላ ሲናገር፣ እግዚአብሔር የያዘኝ መምህር ሕፃን ልጅ እንደሚይዝ ነበር ብሏል። ይህችን አባባል ልብ ይሏል። ከታሪኩ ሁሉ ቁልፏ እሷ ናት። ማንሬሳ የገባው ቅዱሳንን በጾም ልብለጥ የሚል ወታደር ነበር፤ ውድድሩን ከፓምፕሎና ወደ ገዳም አዛውሮት እንጂ አልተወውም ነበር። በማንሬሳ ያ ተወዳዳሪ ተሰበረ፤ ተማሪ ወጣ።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ መንገዱ በወንዙ ዳር ነበርና ፊቱን ወደ ካርዴኔር አድርጎ ተቀመጠ። እንደ ተቀመጠ የአእምሮው ዓይን ተከፈተ። ራእይ አላየም፤ ገባው እንጂ። የእምነትም የትምህርትም ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ስለገባው፣ እስከ 62 ዓመት ዕድሜዬ ድረስ የተማርኩት ሁሉ ቢደመር ያንን ቀን አያህልም ብሎ መስክሯል። ከዚያ ተነሥቶ በአቅራቢያው ካለው መስቀል ሥር ሰገደ። ቦታው ዛሬም የተሳላሚዎች መቆሚያ ነው።

ታዲያ ዋሻውስ? የማንሬሳ ሰዎች እንደሚሉት፣ ኢኒጎ ከጫጫታ ሲሸሽ በገደሉ ካሉት ዋሻዎች ወደ አንዱ ይወርድ ነበር። ከአፉ ቆመው ሲያዩ ወንዙ ከታች ነው፤ ከፊት ለፊት፣ ከሩቅ፣ የሞንሰራት ዓለቶች ይታያሉ። በዚያ እየጸለየ፣ በነፍሱ የሚመላለሰውን እየጻፈ ይውላል። መንፈሳዊ ልምምድ የተባለችው ትንሽ መጽሐፍ የተጠነሰሰችው በእነዚያ ወራት ነው። ለንባብ አልተጻፈችም፤ ለሥራ እንጂ። ሱባኤ የሚይዘው ሰው ሠላሳ ቀን ገደማ በአራት ሳምንት ተከፍሎ ምን እንዲያስብ፣ እንዴት እንዲጸልይ፣ በልቡ የሚመጣውንና የሚሄደውን ስሜት እንዴት እንዲለይ ለመሪው የምትነግር ናት። እኛ አገር ሱባኤ የገባ ሰው ነገሩ ባዳ አይሆንበትም።

ክረምቱ ሲገባ ኢኒጎ በጽኑ ታመመ። የከተማዋ ወይዛዝርት እየተፈራረቁ ሌሊት አስታመሙት። ሲሻለው ብርዱ ስላየለ ከቡናማ ሻካራ ጨርቅ የተሠራ ልብስና ኮፍያ አለበሱት፣ ጫማም አስደረጉት። እሺ አለ። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረው ኢኒጎ ቢሆን እምቢ ባለ ነበር። በፌብሩዋሪ 1523 ለኢየሩሳሌም ጉዞ ወደ ባርሴሎና ወጣ።

ከሕፃናት ጋር ላቲን

ኢየሩሳሌም ደረሰ፤ እዚያው መኖር ፈልጎ ነበር። የቅዱሳን ቦታዎች ጠባቂዎች የነበሩት ፍራንቸስካውያን ግን ለደኅንነቱ ሰግተው ተመለስ አሉት። ከመሄዱ በፊት ተደብቆ ወደ ደብረ ዘይት ሸሸ፤ ጌታ ሲያርግ የረገጠው ነው የሚባለውን ድንጋይ ለማየት ለጠባቂዎቹ ሰንጢውን ሰጠ። አይቶ ከወጣ በኋላ የቀኙ እግር ዱካ በየት በኩል እንደሆነ ስላላስተዋለ ተመለሰና መቀሱን ሰጥቶ እንደገና ገባ።

ወደ ባርሴሎና ተመልሶ በ33 ዓመቱ ከሕፃናት ጋር ላቲን ለመማር ተቀመጠ። ከዚያ አልካላ፣ ከዚያ ሳላማንካ፤ በሁለቱም ቦታ ሳይማር ያስተምራል ተብሎ ታሰረ፤ በሁለቱም ነጻ ወጣ። በ1528 ፓሪስ ገባ። በዚያ ፒየር ፋቭርና ፍራንሲስኮ ዣቪየር የክፍል ጓደኞቹ ሆኑ። ኦገስት 15 ቀን 1534 ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በሞንማርትር ኮረብታ ላይ ተሳሉ፤ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን፣ ካልሆነልን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ወደሚልኩን እንሄዳለን ብለው። መርከብ አላገኙም። ሮም ቀሩ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1540 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ማኅበራቸውን አጸደቁ፤ በ1548 ደግሞ የማንሬሳዋን መጽሐፍ ፈቀዱ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ በሲሲሊ፣ በመሲና፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከሕፃናት ጋር የተማረው ሰው ማኅበር የአስተማሪዎች ማኅበር ሆነ።

ወደ ገላውዴዎስ የተጻፈ ደብዳቤ

ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ገዳም፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ነበረ። የግራኝ ጦር ደብረ ሊባኖስን ካቃጠለ በኋላ ከተሰደዱት መነኮሳት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ኖረው በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳትመዋል። ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም የኢግናጥዮስም አማካሪ ነበሩ።

የፖርቱጋል ንጉሥ ዮሐንስ 3ኛ ለኢትዮጵያ የሚላክ ፓትርያርክ ከማኅበሩ በጠየቀ ጊዜ ኢግናጥዮስ በ1546፣ ጓደኞቼ ካልሄዱ እኔ ራሴ እሄዳለሁ የሚል ሐሳብ ጻፈለት። አልተፈቀደለትም። በ1555 መጀመሪያ ግን ለዐፄ ገላውዴዎስ ረጅም ደብዳቤ ላከ። ለሚሄደው ፓትርያርክ ለዮሐንስ ኑኔዝ ባሬቶ የሰጠው መመሪያም ተጠብቆ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በለስላሳ አኳኋን ሂዱ፣ ልማዳቸውን ባንድ ጊዜ አትንኩ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቁሙ። ዓላማው ኢትዮጵያን ወደ ሮም ማምጣት እንደነበር አያከራክርም። መንገዱ ግን የማንሬሳ መንገድ ነበር፤ ዝግ ብሎ፣ ሰውየውን አይቶ።

ኢግናጥዮስ ጁላይ 31 ቀን 1556 ሞተ። ማኅበሩ ያን ጊዜ ወደ 1,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያይ ጎዋ ላይ ሞተ። አብሮት የተላከው ጳጳስ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ በ1557 ገብቶ፣ በዐፄ ሚናስ ዘመን መከራ አይቶ፣ በ1577 በዓድዋ አጠገብ በፍሬሞና በድህነት አረፈ።

ዋሻው ሲከብር፣ ፍሬሞና ስትወድቅ

በማንሬሳ ደግሞ ሽማግሌዎች ያዩትንና ከወላጆቻቸው የሰሙትን ያወሩ ነበር። የአንዲት ልጅ ዶሮ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ገብታ ሞታ ማቅ ለባሹ እንዴት በጸሎቱ እንዳዳናት እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ጉድጓዱም የዶሮዋ ጉድጓድ ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢግናጥዮስ ቅድስና ምስክርነት ሲሰበሰብ የማንሬሳ ሰዎችም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ሕዝቡ ወደ ዋሻው መውረድና መጸለይ ለምዶ ነበር። ኢግናጥዮስ ያልተናገረውን ከተማይቱ ተናገረችለት። ዋሻውን ያከበረው እንግዲህ የመሥራቹ ቃል ሳይሆን የጎረቤት ትዝታ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ወደ ማንሬሳ መጥተው ቦታውን ያዙ።

በ1622 ማርች 12 ቀን ጎርጎርዮስ 15ኛ ኢግናጥዮስን ከዣቪየርና ከአቪላዋ ቴሬዛ ጋር ቅዱስ ብለው ሰየሙት። ዓመቱን ልብ ይሏል። በዚያው በ1622 እኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ለዚህ ያበቃቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ፓኤዝ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ታስሮ፣ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አማርኛና ግእዝ ተምሮ፣ በጭምትነት የሠራ ሰው ነበር። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ለመማር አልቸኮለም። ሕዝቡን ዳግም አጥምቁ፣ ለካህናቱ ዳግም ክህነት ስጡ፣ ጾሙንና የበዓል ቀኑን እንደ ሮም አድርጉ አለ። የማንሬሳው ሰው አትንኩ ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ነካ። አገሩ ተነሣ። በ1632 በወይና ደጋ ጦርነት በሺሕ የሚቆጠር ወገን እርስ በርሱ ተላለቀ። ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጧቸው። መኖሪያቸው ፍሬሞናም ባዶ ቀረች።

ጠባቂ ያጣው ዋሻ

ለኢየሱሳውያን ስደት አዲስ አልሆነም። በማንሬሳ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዋሻው ላይ ዛሬ የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ግንቡ ገና አዲስ ሳለ፣ በ1767፣ የስፔን ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ ማኅበሩን ከግዛቱ ሁሉ አባረረ። በ1773 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 14ኛ በነገሥታቱ ግፊት ማኅበሩን ፈጽመው አፈረሱት። በ1811 የናፖሊዮን ጦር ማንሬሳን አቃጠለ። በ1814 ፒዮስ 7ኛ ማኅበሩን ቢመልሱትም በስፔን ያለው ኑሮ መግባትና መውጣት ሆነ፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይባረራሉ፣ ይመለሳሉ። የመጨረሻው መባረር በ1932 በሪፐብሊኩ ዘመን ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ተመለሱ።

በመካከሉ ግን ሥራው አልቆመም። በ1890ዎቹ ከዋሻው አጠገብ ትልቁ የሱባኤ ቤት ተሠራ። ከ1915 ጀምሮ ማርቲ ኮሮናስ የተባለ ኢየሱሳዊ ወንድም ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ዋሻው የሚያስገባውን መተላለፊያ በሞዛይክና በነሐስ አስጌጠው። በ1922 ፒዮስ 11ኛ ኢግናጥዮስን የመንፈሳዊ ልምምድ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰየሙት። የከተማይቱም ስም ከአገሯ ወጣ፤ በደብሊን፣ በሉዊዚያና እና በሌሎችም ቦታዎች የሱባኤ ቤቶች ማንሬሳ ተብለው ተጠሩ።

ጠመኔ ይዘው የመጡት

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አስተማሪ የጠፋባት አገር ነበረችና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሰጧቸው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኢየሱሳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ሆኑ። ከዚያ ኮሌጅ ነው የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያደገው። እነዚህኞቹ የመጡት ፓትርያርክ ይዘው አይደለም፤ ጠመኔ ይዘው እንጂ። ያባረራቸውም ጦር አልተነሣም።

መንገዱ እንደገና ሲከፈት

በማንሬሳም በኩል አዲስ ነገር መጣ። በ2013 አርጀንቲናዊው ፍራንቸስኮስ ተመረጡ፤ ከኢየሱሳውያን ወገን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትነት የበቁ የመጀመሪያው ናቸው። በዚያው ዓሥርት ዓመት የኢግናጥዮስ መንገድ የተባለው የእግር ጉዞ ተዘረጋ። ከሎዮላ ግንብ ተነሥቶ በናቫራና በአራጎን አድርጎ፣ ሞንሰራትን ተሳልሞ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በማንሬሳ ዋሻ ያበቃል። በየቀኑ የሚሄደውን እየለካ የሚጓዝ ሰው ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሠላሳ ቀን፣ ልክ እንደ ሱባኤው።

ከሜይ 20 ቀን 2021 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2022 ማኅበሩ የኢግናጥዮስ ዓመት ብሎ አከበረ። መነሻው የመድፉ አረር የተተኮሰበት አምስት መቶኛ ዓመት፣ መድረሻው የመሥራቹ ዕረፍት መታሰቢያ ነበር። አንድ ማኅበር መሥራቹ የቆሰለበትን ቀን በዓል ማድረጉ ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ባይቆስል ኖሮ አይተኛም፣ ባይተኛ ኖሮ አያነብም፣ ባያነብ ኖሮ ማንሬሳ አይገባም ነበርና።

ዛሬ ወደ ማንሬሳ የሚሄድ ሰው ከባርሴሎና በባቡር ይደርሳል። ከአሮጌው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ቀና ሲል ትልቋን የሳንታ ማርያ ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታዋ ላይ ያያል፤ ካርዴኔርን ተከትሎ ሲሄድ የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ያሸበረቀውን መተላለፊያ አልፎ ሲገባ የሚጠብቀው ዝቅ ያለ፣ ጠባብ ዓለት ነው። በወርቅና በሞዛይክ ቢከብቡትም ዓለቱ ዓለት ነው። ከዚህ ቦታ የወጣው ሰው መምህር ነኝ ብሎ አልወጣም፤ ተማሪ ሆኖ ወጥቶ ላቲን ሊማር ከሕፃናት ጋር ተቀመጠ እንጂ። ከተከታዮቹ ቋንቋችንን የተማረውን ነገሥታቱ አቀረቡት፤ ጠመኔ ይዘው የመጡትን አገሩ ልጆቹን አስረከባቸው። ሥርዓታችሁን ጣሉ ያለው ግን ደም አፋስሶ ተባረረ። የዋሻው ትምህርት ይህ ነበር፤ የጠፋውም የዋሻው ደጃፍ በተረሳበት ቀን ነው።